ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር ከቅጹ ስትጠፋ

ባለፈው ነሐሴ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ካለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለችው እናት ልጇን በኢንተርኔት ለማስመዝገብ የክትባት ካርዷን ይዛ መጥታለች። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት የልጅቱን ስም ጻፈ፣ የአባት ስም ጻፈ፣ የትውልድ ቀን ላይ ሲደርስ ቆመ። የወሮቹን ዝርዝር ወደ ታች ሳበው። ከመስከረም ተነሥቶ ነሐሴ ላይ አለቀ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን «ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.» ነው።

«እታለም፣ ጳጉሜ የሚል የለውም። ነሐሴ 30 ላድርገው?»

«ኧረ ወንድምዓለም፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው የወለድኳት። ነሐሴ እኮ ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች።»

ወጣቱ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካሌንደር አየ፣ ተመልሶ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ሳበው፣ ከዚያ ነሐሴ 30ን መረጠና አለፈ። ሌላ ምን ያድርግ? ቅጹ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። እናትየዋ ሂሳቡን ከፍላ ወጣች። የልጅቱ የክትባት ካርድ አንድ ቀን ይላል፣ የትምህርት ቤት መዝገቧ ሌላ ቀን ይላል። ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣ ሰው «ሰነዱ አይገናኝም» ተብሎ መመለስ ምን እንደሆነ ያውቃል። የእሷ ሰነዶች መለያየት የተጀመረው በአምስት ዓመቷ ነው።

እኔን የከነከነኝ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ካሌንደር ነው። በየቤቱ የምንሰቅለው ዓይነት ነው። በትልቁ የእኛ ቀን፣ ጥግ ላይ በትንሹ የፈረንጁ ቀን፣ ከሥሩ የቅዱሱ ስም። ጳጉሜም ከነሐሴ ወረቀት ግርጌ ተጨምቃም ቢሆን አለች። አንድ ማተሚያ ቤት በወረቀት ላይ በየዓመቱ የሚያሰፍረውን ነገር አንድ ድረ ገጽ መያዝ ያቃተው ለምንድን ነው? ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ልተወው አልችልም።

ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተር በራሱ ዘመን አይቆጥርም። የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከአንድ መነሻ ቅጽበት ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ። መነሻው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ግሪንዊች ላይ እኩለ ሌሊት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ይሆናል፤ ረቡዕ ሌሊት ለሐሙስ አጥቢያ፣ 9 ሰዓት። በኪሳችን ያለው ስልክ፣ የባንኩ ሰርቨር፣ የሆስፒታሉ መዝገብ አብዛኞቹ የሚቆጥሩት ከዚያች አጥቢያ ጀምረው ነው። ቁጥሩ ፈረንጅም አይደለም፣ ሐበሻም አይደለም። «ጃንዋሪ» የሚለውም «ታኅሣሥ» የሚለውም ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር የተሠራው ለፈረንጅ ዘመን ስለሆነ የእኛን አይችልም» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ልብሱን መስፋትም ከባድ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ወሮች እኩል 30 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። መቼ 6 እንደምትሆን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ማካፈል ብቻ ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ካልቀረ ዮሐንስ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በሉቃስ ነው። 2011 ለአራት ተካፍሎ 3 ስለሚተርፈው ያቺ ልጅ የተወለደችበት ቀን በእርግጥ ነበረ። ይህን ስሌት ባሕር ዳር ባለው ፖሊ ግቢ ትምህርት የጀመረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ በኮድ ይጽፈዋል። በጎርጎርዮሳዊው ግን ወሩ 28፣ 29፣ 30፣ 31 እያለ ይዘበራረቃል። መቶኛው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ደግሞ የአራት ዓመቱ ሕግ ይሻራል።

የፋርሶች ከሁለቱም ይከብዳል። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ የመንግሥት መቁጠሪያ ባደረገችው የፀሐይ ሒጅራ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች 31 ቀን፣ ቀጣዮቹ አምስቱ 30 ቀን፣ የመጨረሻው 29 ወይም 30 ቀን ናቸው። የመጨረሻው ወር መቼ 30 እንደሚሆን የሚወስነው የማካፈል ሕግ ሳይሆን ሰማይ ነው። ፀሐይ በጸደይ የምድር ወገብን የምታቋርጥበት ቅጽበት በኢራን ሰዓት ከቀትር በፊት ከዋለ ኖሩዝ ያው ቀን ነው፤ ከቀትር በኋላ ከዋለ ማግስቱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በኮድ ማስፈር ላብ ያስወጣል። ሆኖም አንድ ብሮውዘር አንባቢው የኢራን ፋርስኛ ተናጋሪ መሆኑን ካወቀ፣ ማንም ሳይጠይቀው ቀኑን በፋርስ ዘመን ያትማል። የማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መሥሪያ ዶትኔት ለፋርስ ዘመን የተዘጋጀ ክፍል አብሮት ይመጣል፤ ለኢትዮጵያ ዘመን ግን የለውም።

አማርኛና ኢትዮጵያ ብለን ያንኑ ብሮውዘር ስንጠይቀው ምን ይላል? የፈረንጁን ቀን በፊደላችን ጽፎ ይሰጠናል፤ «ጃንዋሪ»፣ «ፌብሩዋሪ» እያለ። ምክንያቱ ዩኒኮድ የሚያስተባብረው ሲኤልዲአር የተባለው መዝገብ ነው። የየአገሩ የቀንና የቁጥር ልማድ የሚሰፍረው እዚያ ሲሆን ብሮውዘሮችና ስልኮች ሁሉ ከዚያ ይቀዳሉ። ለኢራን ፋርስ አንደኛ፣ ጎርጎርዮሳዊ ሁለተኛ ተብሎ ተጽፏል። ለኢትዮጵያ ተራው ተገልብጦ ጎርጎርዮሳዊው ቀድሟል። ቀበሌው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በራሱ ዘመን በሚሠራበት አገር ይህ ተራ ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ መለወጥ አለበት። መዝገቡ ደግሞ ማስረጃ ይዞ ለሚጠይቅ ክፍት ነው።

ሆኖም የእኛ ዘመን እዚያ የለም ማለት አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። ለፊደሉም ለዘመን አቆጣጠሩም ዓመታት የደከመው ዳንኤል ያዕቆብ፣ ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ያወጡትን የቀን መለወጫ ቀመር ለፕሮግራመሮች በሚመች መልክ አቅርቦታል። ዛሬ በየብሮውዘሩ ውስጥ «ኢትዮፒክ» የሚባል አቆጣጠር ተቀምጦ ይጠብቃል። ዓመተ ዓለምን ለሚፈልግም ሌላ ስም አለው። ገንቢው በአንዲት ቃል «በኢትዮፒክ አሳየኝ» ካለው ዐሥራ ሦስቱን ወር በአማርኛ ስማቸው ያወጣል። ቴምፖራል የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2025 ፋየርፎክስ ላይ የገባው አዲሱ የጃቫስክሪፕት ክፍል ከዚህም አልፎ በእኛ ዘመን መደመርና መቀነስ ያስችላል። «ከዛሬ ሦስት ወር በኋላ» ሲባል ጳጉሜን ቆጥሮ ይመልሳል።

ታዲያ ጳጉሜ ከዚያ ቅጽ ላይ ለምን ጠፋች? አብዛኛው ሰው የኢትዮጵያን ዘመን የሚያስበው እንደ «መለወጫ» ስለሆነ ነው። ሥራው በሙሉ በፈረንጅ ያልቅና ለጌጥ ያህል የወሩ ስም በአማርኛ ይለጠፋል። ዐሥራ ሁለት ቦታ ያለው ሳጥን ላይ ዐሥራ ሦስት ስም አይለጠፍም፤ አንዷ ትወድቃለች።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» ብለው ይህን ቋሚ ሠንጠረዥ ኮድ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ሠንጠረዡ ከሉቃስ ቀጥሎ ባለው የዮሐንስ ዓመት ወዲያው ይሰበራል፤ በ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። በዚያው ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ፣ ገናም ታኅሣሥ 28 ተከበረ። ይህን ያስተካከለ ሰው ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1900 በፊት ባሉ ቀኖች ይሳሳታል። እኔ አዲስ ኮድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈትነው በዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስጽፍለት ማርች 1 ቀን 1896 ማለት አለበት። ማርች 2 ካለኝ ሳያሰላ የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ ገልብጧል ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1900 በፈረንጅ ሠግር ዓመት እንዳልነበረ አያውቅም። ያ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2100ም እንደዚያው ይወድቃል።

ሦስተኛው ሁላችንንም አንድ ቀን ያሳጣን ነው። መስከረም 1 ተብሎ የተሞላ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ «መስከረም 1፣ እኩለ ሌሊት» ሆኖ ይቀመጣል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ግሪንዊች ላይ ገና የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ነው። ተመልሶ ሲነበብ ጳጉሜ 5 ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የልደት ቀን ሰዓት የለውምና ከሰዓት ጋር አታስሩት፤ ቀኑን ቀን አድርጋችሁ ብቻ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀን ይለወጣል፤ ወር ግን አይለወጥም። ሴፕቴምበር 2025ን ውሰዱ። ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ይጀምርና ጳጉሜን በሙሉ ውጦ መስከረም 20 ቀን 2018 ላይ ያበቃል። በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ ሦስት የእኛ ወሮችና ሁለት ዓመታት አሉ። ጣና ዳር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ «የመስከረም የወባ ሕሙማን» ብሎ የላከውን ቁጥር የሆነ ሶፍትዌር «ሴፕቴምበር» ብሎ ቢያስቀምጠው የነሐሴውና የመስከረሙ ሰው ተደባለቀ ማለት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቆር ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ በሚበረታበት አካባቢ የዐሥር ቀን መንሸራተት ቀላል ነገር አይደለም። የበጀት ዓመቱም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ይዞ 95 ወይም 96 ቀን ነው። የወር ደመወዝ ግን በተለምዶ ለዐሥራ ሁለት ወር ይከፈላል፤ የጳጉሜ ደመወዝ የለም። ይህን ሁሉ በመጨረሻ በሚለጠፍ መለወጫ መፍታት አይቻልም። የመረጃ ቋቱ ከመጀመሪያው መስከረምን እንደ መስከረም ማወቅ አለበት።

ይህን ያወቁ ሥራዎች አሉ። የጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚጠቀምበት፣ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ 2፣ የአገሩን አቆጣጠር በቅንብሩ ያስመርጣል። ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች መካከል የኢትዮጵያ፣ የፋርስና የኔፓል አቆጣጠሮች ይገኛሉ። በየቤቱ እየዞሩ በስልክ መጠይቅ ለሚሞሉ ሰዎች የተሠራው ኦዲኬም እንዲሁ ነው። ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው ከቀን ጥያቄው ጎን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ከጻፈ፣ የገጠሯ እናት «ጥር ሥላሴ» ስትል ጠያቂው በልቡ ሳያሰላ ጥር 7ን ይመርጣል። መተግበሪያው ከውስጥ በዓለም አቀፉ መልክ ያስቀምጠዋል። ሰው በራሱ ዘመን ይናገራል፣ ማሽኑ በራሱ ቁጥር ይይዛል፤ ትክክለኛው የሥራ ክፍፍል ይኸው ነው።

የድረ ገጾች ችግር የሚብሰው ቀን መምረጫው ላይ ነው። ብሮውዘሩ ራሱ የሚሰጠው የቀን ሳጥን የሚቀበለው የፈረንጁን አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ኢትዮፒክን በማሳያ በኩል ቢያውቅም በመሙያ በኩል አያስተናግድም። ስለዚህ ገንቢው የራሱን ሳጥን ይሠራል ወይም የሌላ ሰው ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ ኮድ፣ ያመጣል። ከላይብረሪዎቹ አንዱ አቡሻክር ይባላል። ስሙን የወሰደው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊ ሊቅ ነው፤ የዘመን ቆጠራ መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በአገራችን ሊቃውንት እጅ ሲገለበጥ ኖሯል።

ይህን ስም ሳይ ወደ ዘጌ የሄድኩበት አንድ ጠዋት ይመጣብኛል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት የኔታ የ2018 ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጠየቅኋቸው። ካሌንደር አላወጡም፣ ስልክ አልነኩም።

«ዓመተ ዓለሙን አውጣ» አሉኝ።

«5500 ሲደመር 2018፤ 7518፣ የኔታ።»

«በ19 ግደፈው።»

13 ቀረ። አንዱን ለዘመን ተወው አሉኝ፤ 12 ሆነ፤ እሱ ወንበሩ ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው 132 አሉ፣ በ30 ገድፈው 12 አስቀሩ፤ አበቅቴ። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸውና መጥቅዑ 18 ነው። ከ14 ስለበለጠ መስከረም ላይ ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7፣ 25። «ጥር 25 ሰኞ ነነዌ፤ ከዚያ 69 ቀን ቁጠር፤ ሚያዝያ 4 እሑድ ፋሲካ» ብለው ወደ ውሃው ዞሩ። ጀልባው የእንጦስ ኢየሱስን ደሴት ገና አላለፈም ነበር።

የኔታ «ግደፈው» ያሉት ፕሮግራመሮች «ሞዱሎ» የምንለው ስሌት ነው፤ አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ያዝ። ለዚህ ስሌት አማርኛ ቃል ሲፈለግ ሰምቻለሁ። ቃሉ ከቅኔ ቤትና ከአቡሻክር ቤት አልወጣም እንጂ አለ። የኔታ የሠሩበት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ በጣት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ግብዓቱ አንድ ዓመት ነው፣ ውጤቱ የዓመቱ ተንቀሳቃሽ አጽዋማትና በዓላት በሙሉ ናቸው። እኔ የኔታ ያሉኝን እንደሰማሁት ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ከሃያ መስመር አልበለጠም።

የሰዓቱ ነገር ግን ገና አልተፈታም። ለዘመኑ ኢትዮፒክ የሚባል ነገር ተዘጋጅቷል፤ ቀኑን ከንጋት 12 ሰዓት ለሚጀምረው ሰዓታችን ግን የተዘጋጀ ነገር የለም። ስድስት ሰዓት መቀነሱን ገንቢው ራሱ ይጽፋል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ሲነሣ ትኬቱ ላይ «11:00» ብቻ ከተጻፈ አንዱ ተሳፋሪ ሌሊቱን መናኸሪያ ይገኛል፣ ሌላው ረፋዱ ላይ በአምስት ሰዓት ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ከዚህ የባሰው የቀኑ መለወጫ ነው። ኮምፒውተሩ ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ያቺን ሌሊት «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ብለን ሁለቱንም ቀን አንድ ላይ እንጠራለን። እኔ ቅጽ ስሠራ «ሌሊት»፣ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር አስገድዳለሁ፤ ለሌሊት ጉዞ ደግሞ «አጥቢያ» የምትለውን ቃል እጨምራለሁ። ቃሏን ያየ ሰው ቀኑን አይስትም።

ጳጉሜ ትንሽ ስለሆነች ብትቀር ግድ የለም የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለ። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጉባ ላይ የተገደበበት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው መዝገብ ያንን ቀን የሚያሰፍርበት ቦታ የለውም።

ለያቺ ልጅ አንድ የቀረ ጥያቄ አለ፤ የዕድሜ ስሌት የሚጽፍ ሁሉ ይገጥመዋል። ጳጉሜ 6 በየዓመቱ ስለሌለች በመካከል ባሉት ዓመታት ዕድሜዋ መቼ ይሞላል? በጳጉሜ 5 ወይስ በመስከረም 1? በእኔ ኮድ መስከረም 1 አድርጌዋለሁ፤ ቀኑ ሳይደርስ «ሞላት» ከማለት አንድ ቀን መቆየት ይሻላል ብዬ ነው። የራሷ ቀን በራሷ ስም የሚመጣው በ2019 ነው፤ ሉቃስ ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። ያን ዋዜማ ስምንት ዓመት ይሞላታል።